ሞጣ ላይ የጠረጠርኳቸው ሰዎች

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በመጣበት ሳምንት ከቤት የወጣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ማለፊያውን አላገኘሁም፤ ለሪሜዲያልም አልበቃሁም። የቢቸና ጎረቤት ሁሉ «አይዞሽ» እያለ ሲያጽናናኝ ከማጽናናቱ ኋላ ሌላ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ጠርጣራ የሆንኩት ግን ያን ጊዜ አይደለም፤ ከአባቴ የወረስኩት ነው። አባቴ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ቆይቶ በኋላ እህል ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። ሰው ሲያናግረው ፊት ለፊት ያለውን ቃል ትቶ ከሥሩ ያለውን ይፈልጋል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት ቤታችን ውስጥ እንደ ጸሎት ይደገም ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ሰው መናኸሪያው አጠገብ ባለች ክፍል ጠረጴዛ ዘርግቶ ምዝገባ ጀመረ። ሞጣ ላይ አዲስ የጤና ኮሌጅ ተከፍቷል፤ ነርስና የፋርማሲ ባለሙያ ያሠለጥናል፤ የጨረሰ ሁሉ ሥራ ተዘጋጅቶለታል አለ። ከአብሮ አደጌ ጋር ሄድን። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ልጅ ናት፤ እሷም አላለፈችም።

ሰውየው አቀባበሉ መልካም ነው። ፈገግ ብሎ «ነገ ኦርጅናል ካርዳችሁንና የፈተና ውጤታችሁን ይዛችሁ ኑ» አለን።

«ኮፒ አይበቃም?» አልኩት።

«ኦርጅናሉ ፋይላችሁ ውስጥ ይቀመጣል። አሠራር ነው።»

«እናንተ ጋ ከተቀመጠ ሌላ ቦታ መመዝገብ ብንፈልግስ?»

ሳቀ። «እህቴ፣ ሌላ ቦታ ምን ልታደርጊ? ሥራውኮ እጅሽ ገባ።»

አብሮ አደጌ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ከዚያ ስንወጣ «እንደ ፖሊስ ነው እንዴ የምትጠይቂው?» አለችኝ። እኔ ግን ሳቁ አላማረኝም። ለአባቴ ስነግረው «ሰሙ ያምራል። ወርቁ ግን ሞጣ ነው ያለው። ሄደሽ ቤቱን እዪው» አለኝ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ደብረ ወርቅንና ግንደወይንን አልፌ ሞጣ ገባሁ። ያረፍኩት የአባቴ የድሮ ደንበኛ የነበሩ ነጋዴ ሚስት ቤት ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እሳቸው ገበያው መንገድ ላይ ልብስ ይሰፋሉ፤ ከተማው በሙሉ የሚያውቃቸው ሙስሊም ሴት ናቸው። እኔ «እትዬ» እላቸው ነበር።

ኮሌጁን ለማግኘት አልተቸገርኩም። የግንባታ ዕቃ መሸጫ ፎቅ ላይ ነው። ጥበቃው ኃላፊው የሉም ብሎ መለሰኝ። እኔ ግን ደረጃው ሥር ቆሜ ተማሪዎቹ እስኪወጡ ጠበቅሁ። አንዷን «የተግባር ልምምድ የት ነው የምትወጡት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የሚቀጥለው ሳምንት ጤና ጣቢያ እንወጣለን ብለውናል።»

«መቼ ነው እንዲህ ያሏችሁ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «ከገባን ጀምሮ» አለች።

ከዚያ ቀጥታ የሥልጠና ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሠራተኛዋ ብዙ ሳታወራ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር በጣቷ አሳየችኝ። የኮሌጁ ስም አለ። እውቅና የተሰጠው ግን ለኮምፒውተርና ለሒሳብ ሥራ ነው፤ ጤና የሚል ነገር የለም። «በዚህ ኮሌጅ ጤና የተማረ ሰው ለብቃት ምዘና ቢመጣ?» አልኳት። «ለጤና አይቀርብም» አለች።

ቢቸና ተመልሼ በቀጥታ አብሮ አደጌ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

«አንቺኮ» አለች፣ «ለጥምቀት ሎሚ ቢወረወርልሽ መርዝ አለው የምትይ ነሽ።»

«ዝርዝሩን በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«እኔ ኦርጅናሌን ሰጥቻለሁ። ብቻሽን እንዳትቀሪ ፈልገሽ ነው።»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ማስጣቷን ቀጠለች። እኔም ሄድኩ። በሳምንቱ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ሞጣ ገባች።

የሚገርመው እኔም ሞጣ መግባቴ ነው። ያኔ እትዬ ቤት ሳድር እጄን ይዘው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳስሰው «ይህ እጅ ለመርፌ ይሆናል። ነይ ላስተምርሽ፤ ቤትም ምግብም አለ» ብለውኝ ነበር። ከፍዬ እንድማር አልጠየቁኝም። መጀመሪያ ያሰብኩት ምን አስበው ነው የሚለውን ነው። አባቴም እንደኔ አሰበና አንድ ወረቀት አዘጋጀ፦ በምን ቅደም ተከተል እንደምማር፣ መጀመሪያ ስፌት፣ ቀጥሎ ልኬት፣ መጨረሻ የጨርቅ ቅድ፤ ለምን ያህል ጊዜ፣ በሳምንት ስንት ቀን። እትዬ ወረቀቱን ተቀብለው ሳያነቡ ፈረሙ። አለማንበባቸውን ጠረጠርኩ። ቃሉን ለመጠበቅ የማያስብ ሰው ምን አስጨንቆት ያነባል?

ኑሮው ግን ደህና ነበር። ከጓዳው አጠገብ ያለች ክፍል ሰጡኝ። እኔ የእሳቸውን ሥጋ አልበላ፣ እሳቸው የእኔን አይበሉ፤ ምስር ወጥ ላይ እንገናኝ ነበር። መኪናውን መርገጥ፣ ቀጥ አድርጎ መስፋት፣ ቁልፍ መትከል፣ ገበር ማስገባት ተማርኩ። ሰውን ለክቼ ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ወደ ቅድ ስንደርስ ግን ነገሩ ቆመ።

እትዬ መቀሱን ባነሱ ቁጥር እኔን ወደ ውጭ ይልኩኛል። «ነጭ ክር አምጪልኝ» ይሉኛል። «ቁልፍ ጠይቂ፣ ያች ሴትዮ ልብሷን ትውሰድ በያት።» ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ጨርቁ ተቆርጦ፣ ጠረጴዛው ተጠርጎ አገኘዋለሁ። መሳቢያውን ከፍቼ ክር ቆጠርኩ። ነጩ ብቻ አሥራ አንድ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እሳቸው በተናገሩ ቁጥር ጆሮዬን ማቆም ጀመርኩ። ባለሙያ ሙያውን እንደሚደብቅ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ተማሪው ስፌቱን ይስፋ እንጂ ቅዱን ካወቀ ነገ ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ ይወስዳል። በእኔ ስሌት እትዬ ያገኙት ነፃ ሠራተኛ ነው።

ከዚያ የባሰው መጣ። አንዲት እናት ለሴት ልጇ ያሰፋችውን ዩኒፎርም ልትወስድ መጥታ ስታየው አንዱ እጅጌ ከሌላው አጥሮ ተገኘ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተማሪዋ ናት ያበላሸችው፤ ገና ልጅ ናት፤ አስተካክልልሻለሁ» ሲሉ ሰማሁ።

ያን ጨርቅ በመቀስ አልነካሁትም። ለካ የተፈለግኩት ለነፃ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ጥፋት ለመሸከምም ነው አልኩ። ለአባቴ ደውዬ ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን ያን ሰሞን ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር፤ መንገዱም በጸጥታ ችግር ተዘግቷል። መሄድ ብፈልግ እንኳ መሄጃ የለኝም።

በሦስተኛው ቀን አሁንም «ክር አምጪ» ብለው ላኩኝ። ወጣሁ፤ ጥግ ላይ ስደርስ ተመለስኩና በመስኮቱ ቀዳዳ አየሁ። ምን ዓይነት ምሥጢር እንደማገኝ አላውቅም ነበር። እትዬ ጨርቁ ላይ አጎንብሰው ጉንጫቸው ጠረጴዛውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የጠመኔውን መስመር በአውራ ጣታቸው ጥፍር እየዳሰሱ ይፈልጉታል። ያገኙት ሲመስላቸው መቀሱን አስገቡ፤ መቀሱ ከመስመሩ ወጣ። እሳቸው አላወቁም። ጥቂት ሄደው በጣታቸው ዳሰሱና ቆሙ። መቀሱን አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

ገብቼ ላናግራቸው አልቻልኩም። ሄጄ ክሩን ገዛሁ። ስመለስ ፊቴን ለማስተካከል ሞከርኩ፤ ለነገሩ እሳቸው ፊቴን ማየት አለመቻላቸውን ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ወረቀቱን ሳያነቡ የፈረሙትም፣ መጀመሪያ ቀን ጣቶቼን የዳሰሱትም ማየት አቅቷቸው ነበር። የነበረኝ ማስረጃ ሁሉ እውነት ነው። ፍርዱ ነው የተሳሳተው። እሱም ግማሹ ብቻ፤ ምክንያቱም ስሜን ማበላሸታቸው እውነት ነው።

«እትዬ» አልኩ፣ «ዩኒፎርሙን እኔ አላበላሸሁም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ።

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሏት?»

«ዓይኔን ሞራ ሸፍኖታል። ዓይኔ ነው ካልኳት ነገ ጨርቅ የሚያመጣልኝ የለም። ተማሪ ሲሳሳት ግን ሰው ይቅር ይላል ብዬ ነው። ወላሂ በድዬሻለሁ።»

«እኔስ ነገ ሥራ ስጀምር ማን ይቅር ይለኛል? የዚያች ልጅ እናት ለጎረቤቶቿ ስትነግር ስሜ ነው የሚነሳው።»

«እሱን አላሰብኩትም» አሉ። ሳይዋሹ የተናገሩት መሰለኝ። ከዚያ መቀሱን በእጀታው በኩል አዙረው ወደ እኔ ዘረጉ። «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ቁረጪ። እኔ እነግርሻለሁ፤ እጄ ሁሉንም ያውቀዋል።»

«መጀመሪያ ለሴትዮዋ እውነቱን ይንገሩልኝ» አልኳቸው። እንዲህ ለታላቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ክንዴን ይዘው ሴትዮዋ ቤት ሄድን። ደጃፍ ላይ ቆመው ነገሯት። ሴትዮዋ መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ «እኔስ አያዩኝም እንዴ እያልኩ ስንት ጊዜ ሰላም ብዬዎት ዝም ይሉኝ ነበር፤ ኮርተውብኝ መስሎኝ ነበር» አለቻቸው። እትዬ ሳቁ። የተበላሸውን እጅጌ እኔ ቆረጥኩት፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው «ብብቱ ላይ ሁለት ጣት ትርፍ ተዪ፤ አሁን ዙሪ፤ ቀስ፤ መቀሱን አታንሺው፣ ግፊው» እያሉ። ሴትዮዋም ደንበኝነቷን አልተወችም።

አብሮ አደጌን በነዚያ ወራት ገበያ ላይ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አንገታችንን ነቅንቀን አለፍን። ክረምቱ ሲቃረብ አንድ ቀን ከሰዓት ሱቁ በር ላይ ቆመች። ነጭ ጋወን በፌስታል ይዛለች።

«ተዘጋ» አለችኝ።

«ሰነድሽስ?»

ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ድምፁን ሰምተው «ተነሺ፣ አብረሻት ሂጂ» አሉኝ። ሄድን። የኮሌጁ በር ታሽጓል። ጥበቃው የሚያውቀው ነገር የለም። ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ሄድን፤ ሠራተኛዋ አስታወሰችኝ መሰለኝ ቀና ብላ አየችኝ። ሌሎች ተማሪዎችም መጥተው ነበር። ብዙ ቀን ተመላለስን። በመጨረሻ ክፍሉ በምስክር ፊት ተከፍቶ የተማሪዎቹ ፋይል በካርቶን ወጣ። ካርዷ ጫፉ ተጣጥፎ ተገኘ።

ስንመለስ መንገድ ላይ «ለምን እንዳላመንኩሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «እውነቱን ስትነግሪኝ ደስ ያለሽ ትመስዪ ነበር።»

ልክደው ፈልጌ ነበር። ግን ያን ቀን ደጃፏ ላይ ቆሜ ስነግራት ልክ በመሆኔ ውስጤን ደስ ብሎት እንደነበር አስታወስኩ። «ይሆናል» አልኳት። እሷ አሁን በመንግሥት ኮሌጅ የምግብ ዝግጅት ተምራ ትሠራለች። እንጠያየቃለን። እንደ ድሮው ግን አይደለንም።

አሁን ቢቸና የራሴ ሱቅ አለኝ። ፈተና ያላለፉ ልጆች ከነእናቶቻቸው እየመጡ ይጠይቁኛል። ኦርጅናላችሁን ለማንም አትስጡ እላቸዋለሁ። ለመመዝገብ ስትሄዱ መዝጋቢውን ሳይሆን ከክፍል የሚወጡትን ጠይቁ። እውቅናው ለየትኛው ሙያ እንደሆነ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ሰው ጋ ሙያ ለመልመድ ከገባችሁ የምትማሩትን በወረቀት አስፍሩ። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ደግሞ ለብቻችሁ አትያዙት፤ ሰውየውን ራሱን ጠይቁት። ይህን የመጨረሻውን ስናገር አብዛኞቹ መስማት ያቆማሉ፤ ቀላል ስለሚመስል ይሆናል። እኔ ግን ክር ከመቁጠር ይልቅ አንድ ቀን «እትዬ፣ ለምንድን ነው የሚልኩኝ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ያን ሁሉ ወር በቂም ባላሳለፍኩ።

ያኔ ሞጣ ሳለሁ፣ መንገዱ ሲከፈት እትዬን ልጃቸው ባሕር ዳር ወስዶ አንድ ዓይናቸውን አሠራቸው። እስኪመለሱ ሱቁን ብቻዬን ይዤ ቆየሁ። በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው በሩ አጠገብ ብርሃን ላይ ተቀመጡና የሰፋሁትን ሁሉ እንዳመጣ አዘዙኝ። ሲያመሰግኑኝ እየጠበቅሁ አንድ በአንድ አቀበልኳቸው። አንድ ሸሚዝ ላይ ሲደርሱ መነጽሩን አወለቁ።

«ይህን ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንገቱ ወደ ግራ ሄዷል።»

«ከመሄድዎ በፊት ዳስሰው ደህና ነው ብለውኝ ነበርኮ።»

«ጣቴ ዋሽቶሻል» አሉ። «ፍቺው።»

ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁና መፍታት ጀመርኩ። እሳቸው ሸሚዙን በአንድ እጃቸው ይዘው እያንዳንዱን ክር ሲወጣ ይመለከቱ ነበር።