የጸሎት ሳጥኗ አንባቢ

ሰው ሁሉ ስሟን ትቶ ደወል ነበር የሚላት። ለማሞገስ ያህል እንዳይመስላችሁ፤ ድምጿ የምር እንደዚያ ነበር። አፏን ስትከፍት ከጸሎት ቤቱ የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፉት ሽማግሌ እንኳ ብንን ብለው «አሜን!» ይላሉ፣ ምን እንደተባለ ባይሰሙም። እናቷ የዚሁ ጸሎት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። እናትና ልጅ የሚኖሩት ከመድረኩ ጀርባ በተለጠፈች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ባልዲና መወልወያ። መዘምራኑ ሲለማመዱ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ይቺ ክፍል የነሱ አይደለችም፤ የጉባኤው ናት። ይህን ነገር እናቷ ጠዋትም ማታም ታስታውሳታለች።

ደወል አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ሥራ ተሰጣት። በሩ አጠገብ ቁልፍ ያለው የእንጨት ሳጥን ተሰቅሏል። ሰው ጭንቀቱን በወረቀት ይጽፍና፣ ስሙን ሳያሰፍር፣ እዚያ ውስጥ ይጨምራል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ ተከፍቶ ወረቀቶቹ በጉባኤው ፊት አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ በእያንዳንዱም ላይ ይጸለያል። የሚነበበው በሷ ድምፅ ይሁን ተባለ። መጋቢው አጠገባቸው አስቀምጠው አንዲት ሕግ ብቻ ነገሯት።

«የኔ ልጅ፣ የተጻፈው እንዳለ ይነበባል። አትጨምሪም፣ አትቀንሺም። ሰው የጻፈው ለእኔም ለአንቺም አይደለም።»

የመጀመሪያውን ዓመት እያለቀሰች ነው ያነበበችው። ባሏ የጠፋባት፣ ዓይኑ የደከመ፣ ልጅ ያጣች፣ የሁሉም መከራ በሷ ጉሮሮ ነበር የሚያልፈው። ታምናለች፤ ከልቧ ታምናለች። የሚሰማ እንዳለ ካላመንሽ ማን ብለሽ ትጮኺያለሽ?

ግን ሰው ነችና ከረመች፣ ለመደች፣ የእጅ ጽሑፎችንም መለየት ጀመረች። አንዲት እናት በእርሳስ፣ ፊደሎቿን እያጋደለች፣ አሥራ አንድ ረቡዕ በተከታታይ «ልጄን ማርልኝ» ብላ ጻፈች። በአሥራ ሁለተኛው ረቡዕ ወረቀቷ አልመጣም። መጋቢው ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ጸሎት ሲሰማ ወረቀቱ ይቆማል! ተመስገን በሉ!» አሉ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ደወልም አጨበጨበች። ሰኞ ዕለት ግን በመስኮት አንዲት እናት እያነባች የምትከተላትን ትንሽ የሬሳ ሣጥን ሲያሳልፏት አይታ ነበር። አንድ ሰው በብብቱ ሊይዛት ይችል ነበር፣ እንደዚያ ትንሽ ነበረች።

ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ የምትጨምቀውን ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ወረወረችው።

«አፍሽን ያዢ! የዘበኛውን ቤተሰብ ረሳሽው?»

እንዴት ትረሳለች። የዘበኛው ልጅ ጠጥቶ ታየ ተብሎ፣ ጠዋት ተነግሮ እኩለ ቀን ላይ ፍራሻቸው ግቢው ውስጥ ተጥሎ ነበር። የዘበኛው ሚስት ድስት ታቅፋ ማንን እንደምትለምን ግራ ገብቷት ስትዞር ጉባኤው በሙሉ በፍቅር እየተሰናበታት ነበር። አቤት ያ ፍቅር! ከዱላ ይብሳል።

ደወል አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት ሌባ በመስኮት ገብቶ የመድረኩን ድምፅ ማጉያ ሰረቀ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መስኮቶቹ ሁሉ ብረት ይሠራላቸው አሉ፤ በያጅም ተጠራ። ከሷ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ክንዱ በፍንጣሪ ነጠብጣብ የሆነ ልጅ። እናቷ ውኃ ስጪው ብላ ላከቻት። ጠጣ፣ አፉን ጠረገና መስኮቱን ቀና ብሎ አየው።

«እኔምልሽ፣ ይሄን ቤት እግዜር ነው የሚጠብቀው ትላላችሁ አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

ሳቀች። ከዚያ ደነገጠች፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ሳቀች። ሳቅ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ ይባል የለ? ወሰዳት። ስምንቱን መስኮት ሠርቶ እስኪጨርስ ድረስ ያን ቤት የዚያን ያህል ውኃ የጠማው ሰው ገብቶበት አያውቅም።

ሥራው ካለቀ በኋላ እሑድ እሑድ፣ መዘምራኑ ሲለማመዱ፣ ከግቢው ጀርባ ባለው የውኃ ታንከር ሥር ግማሽ ሰዓት መገናኘት ጀመሩ። ምን ያደርጋሉ? ያወራሉ። እሱ ስለ ብረት ያወራል፣ እሷ ስለ ወረቀቶቹ። አንድ ቀን እጇን ያዛት፤ በቃ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ግን በጸሎት ጊዜ ይመጣል እያሉ ቃል የገቡላት፣ አራት ዓመት ሙሉ በጉልበቷ ተንበርክካ ስትጠብቀው የቀረው ያ ሙቀት፣ እዚያ የዛገ ታንከር ሥር ሳትለምነው መጣ። ደስታው አስፈራት። ይሄ ኃጢአት ከሆነ ያኛው ምን ነበር? ብላ ራሷን ጠየቀች።

ይህን ሁሉ የምታውቅ አንዲት ጓደኛ ነበረቻት። ሳቂታ ይሏታል። ልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ የምትተክል፣ አክስቷ ያሳደገቻት፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ሳቋ የሚያመልጣት ልጅ ነች። በሳቋ ምክንያት ብዙ ሰው አይወዳትም፤ ጥርሰኛ ሴት ልቧም እንደዚያው ነው ይላሉ። በአንድ ቀዝቃዛ እሑድ ደወል ከዚያች ከነተበች ግራጫ ቀሚሷ በላይ የምትደርበው አጥታ ስትብሰለሰል፣ ሳቂታ የራሷን ሰማያዊ ሹራብ አውልቃ በራሷ ላይ አጠለቀችላት።

«ሂጂ አንቺ! ሙሽራ መስለሻል። ስትመለሺ ግን አንድም ነገር ሳትደብቂ ትነግሪኛለሽ።»

ምስኪን። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይሄ ነው።

በተከተለው ረቡዕ ቤቱ ሞልቷል። ደወል መድረኩ ላይ ቆማ ወረቀቶቹን እየገለጠች ታነባለች። እናቷ እንደ ወትሮዋ በሩ ጥግ፣ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች። ሳቂታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አክስቷ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ያንን ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳለች። ሰባተኛው ወረቀት ተገለጠ። ደወል ልማድ አላትና ከመናገሯ በፊት ዓይኗ ቀድሞ እስከ ታች ሮጠ።

«ከልጆቻችን አንዷ እሑድ ዕለት ከበያጁ ጋር ከውኃው ታንከር ሥር እጅ ለእጅ ተያይዛ ታየች። ፊቷን አላየሁም። ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ነበር። ጌታ ይግለጣት።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ወረቀቷን ዝም ብላ ልታጥፋት ትችል ነበር። ወይ የሹራቡን ነገር ልትዘለው ትችል ነበር፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ማን ያውቅባታል? ቀና ስትል እናቷን አየች፤ ከእናቷ ትከሻ በላይ በተከፈተው በር ያ ፍራሽ የተጣለበት ግቢ ይታያል። ከዚያ ሳቂታን አየች። ሳቂታ፣ እግዜር ይይላት፣ ፈገግ አለችላት።

ደወል አነበበች። አንዲት ቃል አልጨመረችም፤ አንዲት ቃል አልቀነሰችም። በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያን ቀን ጥርት አድርጋ አንብባ አታውቅም።

«ሰማያዊ ሹራብ» ስትል አንገት ሁሉ ዞረ። መቼም ለእንዲህ ያለው ነገር የሰው አንገት ዘይት እንደተቀባ ነው። ሳቂታ መጀመሪያ ነገሩ ሳይገባት ሳቀች፤ የሳቀችው ሳቅ ደግሞ ማስረጃ ሆነባት። ከዚያ የራሷን እጅጌ አየች።

መጋቢው በለሆሳስ፣ «ልጄ፣ ተነሺ» አሏት።

ተነሳች። «እኔ አይደለሁም። እሑድ ሹራቤን... አውሼ ነበር» አለች።

«ለማን?»

ሳቂታ መድረኩን ብቻ አየች፤ ጓደኛዋ በራሷ አፍ እስክትናገር ጠበቀቻት። አሳልፌ ልስጣት ብትል ስሟን መጥራት ይበቃት ነበር፤ አልጠራችም። ያቺ ጥርሰኛ የተባለችው!

መጋቢው ወደ መድረኩ ዞሩ። «አንቺ ጓደኛዋ ነሽ። ለማን እንዳዋሰች ታውቂያለሽ?»

ደወል በዚያ በሚያምር ድምጿ «አላውቅም» አለች።

በቃ። አራት ዓመት እውነት ያነበበ አፍ እንዴት ይዋሻል? ሁሉም አመነ። አክስቷ ሳቂታን በክንዷ እየጎተተች፣ ሰው ፊት በጥፊ እያላጋቻት አወጣቻት። የኋላ ወንበሩ ሽማግሌ ነቅተው «አሜን!» አሉ። አንዲት ባልቴት ደግሞ እንባቸውን እየጠረጉ ተነሡና፣ «ይግለጣት ብለን ነበር፣ ወረቀቱ ተነቦ ሳያልቅ ገለጣት! ጸሎታችን ተሰማ!» ብለው እልል አሉ። ወረቀቷን ማን እንደጻፋት ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ።

ደወል መድረኩ ላይ ቆማ ጠበቀች። መብረቁን፣ ሽባነቱን፣ የድምፅ መዘጋቱን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የነገሯትን ሁሉ ጠበቀች። ምነው በመታኝ ብላም በልቧ ለመነች፤ ከልቧ የለመነችው የመጨረሻ ጸሎቷ ነው። ምንም አልሆነም። መጋቢው «ቀጥይ የኔ ልጅ» አሏት። ስምንተኛውን ወረቀት ገለጠችና ያለ እንከን አነበበችው። ስለ ጉልበት ሕመም ነበር።

በማግስቱ ወደ በያጁ ሱቅ ሮጠች። ወሬው ቀድሟት ደርሶ አገኘችው። ልጁ እሳቱን አጠፋ፣ የፊት መከላከያውን አወለቀ።

«ልጅቷስ? አሁን የት ነች?»

«አክስቷ ቆልፋባታለች።»

መከላከያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እኔ ሄጄ ልንገራቸው? እሷ አልነበረችም ልበላቸው?»

«እናቴስ? ወዴት እንገባለን?»

«አይ... እሱስ እውነትሽን ነው» አለ ፈጠን ብሎ። «ይሁን። እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

ግልግል ሆነለት። ግልግሉን ፊቱ ላይ አየችው፤ ትከሻው ሁሉ ሲቀል አየችው። የራሷን መልክ በመስታወት ያየች ያህል አስጠላት። ያ ታንከር ሥር የመጣው ሙቀት እዚያው ቆማ እያለ ጥሏት ሄደ። ደህና ዋል ሳትለው ተመለሰች፤ እሱም አልተከተላትም። ከዚያ በኋላ በነበሩት እሑዶች ሁለቱም ታንከሩ ጋ ዝር አላሉም።

ቅዳሜ ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። ደወል ከፈተች። ሳቂታ ነች፤ ጉንጯ አብጧል፣ አንዲት ዚፕ የተበላሸባት ሻንጣ በገመድ አስራ ይዛለች። ራቅ ብሎ አንድ የማታውቀው ሽማግሌ ዘመድ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«አውቶቡሱ በሦስት ሰዓት ነው» አለች ሳቂታ። «የአያቴ ወንድም ጋ ገጠር ሊወስዱኝ ነው። እዚያ ሊያገባኝ የሚፈልግ ሰው አለ አሉ። ሚስቱ የሞተችበት።»

ደወል የበሩን ብረት ጨበጠች።

«ለአክስቴ እውነቱን ነገርኳት። አላመነችኝም። 'እሷ ብትሆን ኖሮ በገዛ አፏ ታነበው ነበር?' አለችኝ።» ሳቂታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለጉባኤው ንገሪ አልልሽም። የእናትሽንም ነገር አውቃለሁ። ለአክስቴ ብቻ። ብቻዋን ጠርተሽ አንድ ቃል በያት፤ ለማንም እንዳትናገር እኔ አስምላታለሁ። አንቺን ታምንሻለች። እባክሽ፣ ቤቷ እኮ ቅርብ ነው፣ አሁን አብረን ደርሰን...»

«ማን ነው?» አለች እናቷ ከውስጥ። የመወልወያዋ ድምፅ ቆመ።

ደወል ወደ ኋላ ዞር አለች፣ ከዚያ ወደ ሳቂታ። ሳቂታ ዓይን ዓይኗን እያየቻት ነው፤ አሁንም ተስፋ አልቆረጠችም። ያን ጊዜ ደወል ያን የከበረ ድምጿን ከፍ አደረገች፣ እናቷ እንድትሰማ፣ መንገድ ላይ የሚያልፈውም ሰው እንዲሰማ፣

«እጸልይልሻለሁ፣ እህቴ» አለችና በሩን ዘጋችው።