የመርማሪው ዓይንና ሰማያዊዋ የጭነት መኪና

ባሌ ሰው አያምንም። ይህን ስል እያማሁት አይደለም፤ ፊት ለፊቱም እለዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ስኖር ዳቦ ሻጩን፣ ቆጣሪ አንባቢውን፣ የገዛ እህቱን፣ አንዳንዴም እኔን ሲጠረጥር ኖሯል። ሎሚ ገዝቼ ስገባ እንኳ አንድ በአንድ አገላብጦ ያያል። ሰፈሩ «መርማሪው» የሚል ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም።

ጋራዥ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት መኪና ቀብቷል። የተጋጨውን አዲስ ማስመሰል ስለሚችል፣ ሌላው ሰው ያስመሰለውንም ያውቃል። ጡረታ ሲወጣ ይኼ ችሎታው መዳፍ ላይ በሚቀመጡ አሮጌ የብረት መጫወቻዎች ላይ አረፈ። እኔም መጀመሪያ ስቄበታለሁ። ለካ ሽበት ያወጡ ሰዎች እነዚህን ትንንሽ የጭነት መኪኖች ይሰበስባሉ፤ ለቀለማቸውም ይጣላሉ። አብዛኞቹ ቀይ ናቸው። ፋብሪካው አንድ ሰሞን ቀይ ቀለም አልቆበት ጥቂቶቹን በሰማያዊ ቀብቷቸዋል፤ ሁሉም የሚፈልገው እነዚያን ነው። ታዲያ ቀዩን በሰማያዊ ቀብቶ የሚያታልል አይጠፋም።

ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ ወደ ምግብ ጠረጴዛችን ይመጣሉ። እሱ መኪናዋን ይገለብጥና ወለሏን ከአካሏ ጋር የያዘችውን የብረት ምስማር፣ ሪቬቷን፣ በማጉያ መነጽር ያያል። ፋብሪካው መጀመሪያ ቀብቶ ነው ከሥር ያለውን ወለል በሪቬት የሚመታው። አስተካክሎ መቀባት የሚፈልግ አጭበርባሪ መኪናዋን መፍታት አለበት፤ ለመፍታት ደግሞ ሪቬቱን መብሳት አለበት። «ሰው ይዋሻል፤ ሪቬት አይዋሽም» ይላል ባሌ። ይህንን በቀን ሦስት ጊዜ ስሰማ ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን ሾፌሩ መጣ። ሾፌሩ የባሌ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ስንጋባ ሚዜው ነበር። ባሌ ሳይጠረጥረው የኖረ ብቸኛ ሰው ቢኖር እሱ ነው። በመሐረብ ጠቅልሎ ያመጣት ሰማያዊ መኪና አባቱ በስድስት ዓመቱ የሰጡት ናት። አባቱም የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ በዓመቱ መንገድ ወጥተው አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ከራስጌው ተለይታ አታውቅም። ሰብሳቢዎቹ መኪኖቻቸውን በአዳራሽ ሊያሳዩ ሲዘጋጁ እሷንም ሊያስቀምጣት ፈለገ። እውነተኛ መሆኗን ግን ከባሌ አፍ መስማት ነበረበት።

ባሌ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ቆየ። ፊቱ ሲጠቁር አየሁ።

«ይሄ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ተቀብታለች» አለ።

«ሪቬቱ እኮ አልተነካም» አለ ሾፌሩ።

«የቀባት ሰው ጎበዝ ነው። ልጠህ ብታየው ከሥሩ ቀዩን ታገኘዋለህ። አባትህን አታለዋቸዋል።»

ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። ለእኔ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው የታየኝ፤ ይህንኑም ተናገርኩ። ባሌ ከመቼ ወዲህ ነው ቀለም አዋቂ የሆንሽው ብሎ አፌን አስያዘኝ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሾፌሩ መኪናዋን መልሶ ጠቀለላት፣ ሻዩን ሳይነካ ወጣ።

ሁለት ወር ሙሉ ደጃችንን አልረገጠም። ልንጠይቀው እንሂድ ስለው ባሌ አሻፈረኝ አለ። ጭራሽ ጓደኛውን መጠርጠር ጀመረ፤ አውቆ ነው ያመጣት፣ ሊያታልለኝ ነበር አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በዚያው ሰሞን የኔም ነገር አላምር አለው። ሸሚዜን በደንብ አታጥቢም፣ ቢጫ ሆኗል ይላል። ወተቷም ቢጫ፣ ግድግዳውም ቢጫ። ወተት ሻጯን ሊከስ ደርሶ ነበር። ልጃችን ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን መሳቋን ተወችና ዓይን ሐኪም ዘንድ ጎትታ ወሰደችው።

ሁለቱም ዓይኑ ላይ ነገሩን ሁሉ ቢጫ የሚያስመስል ሞራ ነበረበት። መጀመሪያ ቀኙ ተገፈፈለት። ፋሻው ሲነሳ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሐኪሙ ሰማያዊ መስታወት ከቶብኛል አለ! ቤት ስንገባ ግን የተሰጣ ሸሚዙ ፊት ቆመና አንዱን ዓይኑን ሸፈነ፤ ከዚያ ሌላውን። እንደገና አንዱን።

«ይሄ ሸሚዝ ነጭ ነው?» አለኝ።

«ድሮም ነጭ ነው» አልኩት።

እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሪቬቱ እኮ አልተነካም ነበር አለ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ፊቱን ሳየው አሳዘነኝና ተውኩት።

በማግስቱ ሾፌሩ ቤት ሄድን። በሩን ከፍቶ፣ ግቡ ብሎ ዞር አለ። መኪናዋ ራስጌው ላይ ነበረች፤ ቀለም የሚባል አልነበረባትም። ራቁቷን፣ አመድማ ብረት። ከእኛ ቤት በወጣ በሳምንቱ የቀለም ማስለቀቂያ ገዝቶ ልጧታል።

«ቀዩን ፈልጌ ነበር። የለም። ከሥሩ ብረት ብቻ ነው» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ባሌ።

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባሌ መኪናዋን ስጠኝ ብሎ ለመነው፤ ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ነው። ሾፌሩ ትንሽ አመነታና ሰጠው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛችን የቀለም ቆርቆሮ ተሸከመ። ሪቬቱ ጥግ ፀጉር የምታህል የድሮ ቀለም ቀርታ ነበርና ከእሷ ጋር ሊያመሳስል ደፋ ቀና አለ። የሚቀቡ ሰዎችን ዕድሜውን ሙሉ ሲረግም የኖረ ሰው ይኸው ይቀባል። በበጠበጠ ቁጥር ይጠራኛል፤ ይሄ ሰማያዊ ነው? እሱስ? ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ እኔን ይጠይቃል። ስትደርቅ ገልብጦ ወለሏ ላይ በመርፌ ጫፍ «ተቀብታለች» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም ፈረመ።

ወስደን ስንሰጠው ሾፌሩ መጀመሪያ ያደረገው መገልበጥ ነበር። የባሌን ቃል ያለ ጥያቄ ሲቀበል የኖረ ሰው ሪቬቷን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ፤ ጽሑፉን አነበበ፤ ወደ መስኮቱም ወሰዳት። ከዚያ ባሌን አልፎ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ ቀለሟ እንዲህ ነበር?»

መኪናዋን ከነቀለሟ ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ሻይ ይዤ፣ ቆሜ። እርግጠኛ አልነበርኩም።

«አዎ፣ እንዲህ ነበር» አልኩት።

ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። በደንብ አውቀዋለሁ፤ አላመነኝም። ግን ምንም አልጠየቀኝም።