ሞዴል እናት ባዘዘው

ባዘዘው አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ጢሙ ጎፈር ያለ፣ ክንዱ ሞፈር የሚያህል ገበሬ ነው። ከብቸና ወደ ሞጣ ሲሄዱ፣ ደብረ ወርቅ ሳይደርሱ፣ ከዋናው መንገድ አንድ ሰዓት በእግር ገባ ብሎ ዋርካ ሜዳ በምትባል ጎጥ ይኖራል። አንድ ጊዜ አግብቶ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅ ጠፋና ተፋቱ። ሴትዮዋ ሌላ አገባችና አምስት ወለደች፤ ጥፋቱ የማን እንደነበር መንደሩ ቆጥሮ ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ባዘዘው የልጅ ወሬ ሲነሳ ስለ በሬ ያወራል። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ነው። ድንኳኑም፣ ብረት ድስቱም፣ በሽተኛ የሚሸከሙበት ቃሬዛም እሱ ቤት ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። አፉም እንደ ዕቃ ቤቱ ነው፤ አንዴ የገባ ነገር አይወጣም።

ይህ ሰው እንግዲህ ባለፈው የካቲት ሞጣ ላይ ሞዴል እናት ተብሎ ተጠራ።

ነገሩ የተጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። የጎጧ ጤና ኤክስቴንሽን ጸደንያ ከደሴ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። አንድ የውጭ አገር ፕሮጀክት ታብሌት ሰጣት። ታብሌቱ እርጉዝ ይመዘግባል። ስም ይላል፣ ዕድሜ ይላል፣ ስልክ ቁጥር ይላል። ስልክ ቁጥሩን ካልሞሉለት እንደ እልከኛ በቅሎ ተገትሮ ይቀራል፤ ቢገፉት አይሄድም። በተመዘገበው ስልክ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ የተቀዳ የሴት ድምፅ ይደውልና ይመክራል። ምጥ ሲመጣ ደግሞ አምቡላንስ የሚጠራው በዚያው ስልክ ነው። ካልተመዘገበ ቁጥር ቢደወል መኪናው አይነሳም። ቀደም ሲል ገበያ የሚሄደው ሁሉ «ምጥ ያዘን» እያለ ሲጠራው ሹፌሮቹ ተማረው ነበር።

የዋርካ ሜዳ ሴቶች ግን ቁጥር አንሰጥም አሉ። ስልክ ጠፍቶ አይደለም። እዚያ አገር እርግዝና ሆድ ራሱ እስኪናገር ድረስ አይወራም፤ የሰው ዓይን አለ። የባል ስልክ ላይ ተደውሎ «ሦስተኛ ወርሽ ገባ» ቢባል ደግሞ ባል ያለው ጠላ ቤት ነው፤ ጠላ ቤት ያለው መንደሩ በሙሉ ነው።

«እና ምን ልሙላ?» አለች ጸደንያ ጨንቋት።

«የባዘዘውን ሙይዋ» አለች አምሳለች። «እሱ እንደሆን አያረግዝ።»

አምሳለች የይታገስ ሚስት ናት። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ቀብራለች። አንደኛው ቃሬዛ ላይ፣ ዋናው መንገድ ሳይደርሱ ነው የሞተባት። ሦስተኛውን ለገዛ ጥላዋም አልነገረችም። እሷ የባዘዘውን ቁጥር አስሞላች፤ ሌሎቹም እሷን አይተው አስሞሉ። ባዘዘው ቤቱ ጉብታ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ አይጠፋበትም፤ ወሬም አያወጣም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሃያ ሦስት እርጉዝ በአንድ ስልክ ገባ።

መጀመሪያ ሲደወልለት እርሻ ላይ ነበር።

«እንደምን አደርሽ እናት!» አለችው ድምፂቱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ በሬዎቹን አቁሞ።

«የምትወልጂው ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ገደማ ነው። አሁን ጽንሱ የአቮካዶ ያህል ሆኗል። ወገብሽን ያምሽ ይሆናል።»

«እሱስ ያመኛል።»

«ምክሩ ከገባሽ አንድን፣ ካልገባሽ ሁለትን ተጫኚ።»

እንዳትቀየመው ብሎ አንድን ተጫነ። ስልኩን ኪሱ ሳይከተው ሁለተኛዋ ደወለች፤ የዚችኛዋ ጽንስ ገና የባቄላ ፍሬ ነበር። ሃያ ሦስቱ ተራ በተራ ሲደውሉ ረፋዱ አለፈ። በሬዎቹ ቆመው አመሰኩ።

ከዚያ በኋላ ባዘዘው ሥራውን መላ አበጀለት። የሴት ስም መጥራት ነውር ነው፣ ዓይንም ይጠራል። ስለዚህ የማን ቀን መቼ እንደሆነ ከጸደንያ ጠይቆ፣ እያንዳንዷን በምትወልድበት ቀን በሚውለው ታቦት ሰየማት። ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ የምትወልደዋ የገብርኤሏ ሆነች። አምሳለች የካቲት አሥራ ስድስት ስለተባለች የኪዳነ ምሕረቷ ሆነች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በአጠገባቸው ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። «የገብርኤሏ፣ ጨው ቀንሺ።» «የሚካኤሏ፣ ፊትሽ አብጧል፤ ጸደንያ ጋ ውረጂ።» የሰማ ሰው የማኅበር ጥሪ ይመስለዋል። አቮካዶውን ደግሞ «ጎላ ያለ ድንች» ብሎ አሻሻለው።

ወንዶቹ መጠርጠራቸው አልቀረም። ጠላ ቤት ሲገባ ይታገስ ራሱ ይጀምረዋል፤

«አንተ ባዘዘው፣ ስንተኛ ወርህ ነው?»

«ስድስተኛ።»

«ይራገጣል?»

«ጠላ ሲሸተው ይብሳል። እስቲ ቅዱልኝ።»

በዚህ መሀል ሪፖርት የሚሠራው ኮምፒውተር አንድ ቁጥር ቢያይ አንድ ሰው መሰለው። ሃያ ሦስቱን አጣጥፎ አንዲት ሴት አደረጋቸውና ስሟን ከሲም ካርዱ ምዝገባ ወሰደ፤ ባዘዘው። እንዲህ ያለች እናት አይቶ አያውቅም። በሰባት ወር ውስጥ ከመቶ ጊዜ በላይ ተመርምራለች። ምክር አላመለጣትም፤ ያልገባትም ነገር የለም። ማክሰኞ አርባ ሦስት ኪሎ የነበረችው ረቡዕ ሰባ አንድ ሆናለች። «ክብደቷን በአጭር ጊዜ አሻሽላለች» ብሎ ጻፈላት። ከዞኑም አንደኛ አወጣት።

ደብዳቤው ሲደርስ ጸደንያ እያለከለከች ጉብታውን ወጣች።

«ጋሽ ባዘዘው፣ ጉድ ፈላ! ሴት ነዎት ተብሏል።»

«ማነው ያለው?»

«ኮምፒውተሩ።»

«እሱ ነበር የቀረው።»

ደብዳቤው «ሞዴል እናት ወ/ሮ ባዘዘው የካቲት 7 ቀን ሞጣ አዳራሽ ስልካቸውን ይዘው እንዲቀርቡ» ይላል።

«ሁሉንም በአንድ ቁጥር እንደመዘገብኩ ካወቁ ቁጥሩን ይሰርዙታል» አለች ጸደንያ።

«ከተሰረዘስ?»

«አምቡላንስ የለማ! ታብሌቱ ለአዲስ ቁጥር አንድ ወር ይፈልጋል።»

«የኪዳነ ምሕረቷስ?»

«ሞጣ ከምንሄድበት ዕለት ዘጠኝ ቀን ነው የሚቀራት።»

ባዘዘው ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። ባይቀርብ ማጣራት ይመጣል፤ ቢቀርብ ደግሞ ይኸው ጢም አለ። «እንሂድ» አለ በመጨረሻ። «ዘጠኝ ቀን ብቻ እንዲታገሡኝ እለምናቸዋለሁ። ስልኩን ለይታገስ ትቼለት ልሂድ?»

«ስልካቸውን ይዘው ነው የሚለው።»

ይዞ ሄደ።

ሞጣ አዳራሹ ደጃፍ ላይ የቤት ጣራ የሚያህል ባነር ተሰቅሏል። ልጅ ያዘለች አንዲት የማያውቃት ቆንጆ ሴት ትስቃለች፤ ከሥሯ የሱ ስም ተጽፏል። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ እዮብ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሮጦ መጣ።

«እናትየዋስ?»

«መጥቻለሁ» አለ ባዘዘው።

«አይ አባት፣ ወይዘሮ ባዘዘውን ነው የምፈልገው።»

«ወይዘሮውን የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ። ባዘዘው እኔ ነኝ።»

እዮብ ጢሙን አየ፣ ባነሩን አየ፣ ተመልሶ ጢሙን አየ። ጸደንያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናዘዘች።

«አሁኑኑ ነው የምሰርዘው!» አለ እዮብ ታብሌቱን አውጥቶ።

«ተው ልጄ፣ እስከ ኪዳነ ምሕረት ታገሠኝ። ሁለት የቀበረች ሴት አለች። ከዚያ ወዲያ እኔንም ሰርዘኝ።»

እዮብ ታብሌቱን ሳይነካ ዕርዳታ ሰጪዎቹ የላኳት ፈረንጅ ከነካሜራዋ ከተፍ አለች። ሪፖርቱ ከሄደ ሳምንቱ ነው፤ እናት የለችም ማለት አይቻልም። እዮብ ወደ ባዘዘው ጆሮ ጠጋ አለ።

«ባሏ ነኝ ይበሉ። አልሰርዘውም።»

«የማን ባል?»

«የራስዎ።»

እንዲህ ሆኖ ባዘዘው የራሱ ባል ሆኖ መድረክ ላይ ወጣ።

ፈረንጇ በእዮብ አስተርጓሚነት ስለ እርግዝና አደገኛ ምልክት ጠየቀችው። ባዘዘው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንበለበለው። ደም መፍሰስ፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የሽርት ውሃ ያለጊዜው መፍሰስ፣ የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ። አዳራሹ አጨበጨበ። ፈረንጇ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ሚስቱን እንዲህ የሚወድ ወንድ አላየሁም እያለች ነው» አለ እዮብ።

«እኔም አላየሁም» አለ ባዘዘው።

ይኸኔ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ይታገስ ነው።

«ባዘዘው ድረስልኝ! አምሳለች ውሃዋ ፈሰሰ! አምቡላንሱ ጋ በየትኛውም ስልክ ብደውል ቁጥርዎ አልተመዘገበም ይለኛል!»

ባዘዘው አዳራሹንም ፈረንጇንም ረሳቸው። እዚያው ማይክራፎኑ ፊት የአምቡላንሱን ቁጥር መታ።

«እናት፣ ምጥ ከጀመረሽ አንድን ተጫኚ» አለች ድምፂቱ፤ ማይክራፎኑ ተቀብሎ ለሕዝቡ አሰማ። ተጫነ።

«አይዞሽ። ያለሽበትን ቦታ አይተነዋል። መጣንልሽ።»

ሰባት ደቂቃ አልሞላም። የአዳራሹ በር ተከፈተና የሞጣው አምቡላንስ ሹፌር ኃይለ ጊዮርጊስ ከአንዲት ነርስ ጋር አልጋ እየገፋ ገባ።

«ምጥ የያዛት ወይዘሮ ባዘዘው የታለች?»

ኮምፒውተሩ ስልኩ ያለበትን ቢፈልግ ሞጣ መድረክ ላይ ነው ያገኘው። ፈረንጇ ሰዓቷን አይታ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ሴትዮዋ ዋርካ ሜዳ ናት!» አለ ባዘዘው። «ወደ ብቸና ደውልልኝ፣ እነሱ ይቀርባሉ።»

ኃይለ ጊዮርጊስ ደወለ። የብቸናው ሰው ኮምፒውተሩን አየና «ጥሪው ሞጣ ተይዟል፤ ለአንዲት እናት ሁለት መኪና አይወጣም» አለ።

«እንግዲያው አንተ ሂድላት!»

«እኔ እናት ሳልጭን ከወረዳዬ አልወጣም። እናት ከጫንኩ ግን እስከፈለገችው ሆስፒታል አደርሳለሁ። ሕጉ ነው ወንድሜ።»

ባዘዘው ወደ እዮብ ዞሮ አየ። እዮብ «እባክዎ» እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ባል ሆኖ ከቆየ ቁጥሩ ይተርፋል፤ ገና ያልወለዱት ሌሎቹም አብረው። አምሳለች ግን ውሃዋ ፈሷል። ባዘዘው ጋቢውን ሰበሰበና፣ ሁለት መቶ ሰው እያየው፣ ወጥቶ አልጋው ላይ በጀርባው ተጋደመ።

«ጫነኝ» አለ። «እናቲቱ እኔ ነኝ።»

ፈረንጇ ወደ እዮብ ዞረች። እዮብ አንገቱ ላይ ያለውን ባጅ ገልብጦ ስሙን ደበቀ። ኃይለ ጊዮርጊስ ስልኩ ላይ ያለውን ስም አነበበ፤ የባዘዘውን መታወቂያ ተቀብሎም አየ። ስሙ ስሙ ነው። አልጋውን ገፋው።

ደብረ ወርቅን እስኪያልፉ ባዘዘው ስልኩን ከጆሮው አላወረደም።

«ይታገስ ስማኝ። በግራ ጎኗ አስተኛት። ሆዷን ሰው እንዳያሻት። ቅጠል በጥብጦ የሚያመጣ ካለ መልስልኝ። ቃሬዛውን አውጡና ወደ መንገዱ ይዛችኋት ውጡ።»

«ቤትህ ተቆልፏል እኮ!»

«በሩን ገንጥለው!»

«እናት፣ አትጩኺብን» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ መሪውን እየጠመዘዘ። «ደም ግፊትሽ ይጨምራል።»

መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ስምንት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ከእርሻው ብቅ አሉ። ይታገስ ከፊት ነው፤ ጫማውን የት እንደጣለው አያውቅም። አምሳለች በላብ ተጠምቃለች። የመኪናው በር ሲከፈት ባዘዘውን አልጋው ላይ ተቀምጦ አየችው።

«አንተ፣ ውረድ ከአልጋዬ!»

ወረደ።

ብቸና ሆስፒታል ይታገስና ባዘዘው ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ይታገስ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይቀመጣል። «እነዚያም ሲሄዱብን እንዲህ ዘገየ» ይላል። ባዘዘው በሩን ያያል፤ ስለ በሬ እንኳ ማውራት አቃተው። ስልኩ ጮኸ፤ እዮብ ነው።

«ጋሽ ባዘዘው፣ ቁጥሩ አይሰረዝም።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ሚስቱን ከመውደዱ የተነሳ ምጧን አብሮ ሊያምጥ አልጋ ላይ ወጣ ብዬ ተረጎምኩላት። አልቅሳ ፎቶውን ለአለቆቿ ልካዋለች። አሁን እርስዎን መሰረዝ የሚችል ሰው የለም።»

«ይሁን። መጋቢት ላይ የጊዮርጊሷ አለችብኝ።»

ስልኩን ሳይዘጋ በሩ ተከፈተ። አዋላጇ አስናቀች ጓንቷን እያወለቀች ወጣች።

«የባዘዘው ቤተሰብ!»

ይታገስ አልተነሳም። ባዘዘው በክርኑ ጎሰመው።

«ተነሥ፣ አንተ ነህ።»

«ሴት ናት» አለች አስናቀች። «ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ጩኸቷን አልሰማችሁም እንዴ? እናትም ደህና ናት።»

ይታገስ መሬቱን ሳመ፣ አግዳሚውን ሳመ፣ የአዋላጇን ጉልበት ሊስም ሲል ሸሸችው። ከዚያ ባዘዘውን አንቆ ያዘው።

«ኑ ግቡና እዩአቸው» አለች አስናቀች።

«አይ፣» አለ ባዘዘው ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ፣ «ወንድ ልጅ አራስ ቤት ምን ይሠራል?»

ይታገስን በጀርባው ወደ ውስጥ ገፋ አደረገውና፣ ለአራሷ አጥሚት የሚሆን አጃና ማር ሊፈልግ ወደ ብቸና ገበያ ወረደ።