የፊት ወንበር ምሳ

የምግብ ዝርዝሩ እንደ ሠርግ መጥሪያ በወፍራም ወረቀት ላይ ታትሟል። በአውሮፕላን ለሥራ ስሄድ የምቀመጠው ኋላ ነው። ያን ቀን ግን የጋበዙኝ ሰዎች የቢዝነስ ክላስ ትኬት ስለቆረጡልኝ ከመጋረጃው ፊት እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። አስተናጋጇ ሙቅ ፎጣ ሰጠችኝ፤ ነጭ ጨርቅም አነጠፈችልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ «እመቤቴ፣ ለምሳ ምን ላምጣልዎ?» አለችኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዝርዝሩን እንኳ ሳያይ ሥጋውን አዝዞ፣ ሾርባው ይቅርብኝ፣ አይቡ በኋላ ይምጣልኝ እያለ ያስተካክላል። እኔ ዝርዝሩ ላይ እንዳፈጠጥኩ ቀረሁ። ልጅቷ ያልሰማኋት መስሏት ደገመችልኝ። ሰምቻታለሁ። ግን ይህን ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ቴፒ ውስጥ፣ እማማ ዘውዲቱ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ሰምቼው ነበር። የተጠየቀችው ደግሞ እኔ አልነበርኩም።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም አይርቅም ነበር። ማረፊያ ይባል እንጂ ሜዳ ነው። ትንሿ አውሮፕላን ስትመጣ ጥበቃው ፊሽካውን እየነፋ ላሞቹን ያባርራል፤ እኛ ደግሞ ሱዚያችንን ጥለን እንሮጣለን። ዝናብ ጥሎ ቡናው ያበበ ሰሞን ከሆነ አየሩ ራሱ ማር ማር ይላል፤ እስከ ዛሬ የቤንዚን ሽታና የቡና አበባ ሽታ ለእኔ አንድ ላይ ናቸው። የሚወርዱትን ሰዎች እያየን ሰማይ ላይ ምን በልተው እንደመጡ እንከራከር ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ቢኒያም እዚያ ላይ ምግብ አይበላም፣ ክኒን ይዋጣል እንጂ ብሎ ይምል ነበር።

ክርክሩን የጨረሰችልን እትዬ ሶስና ናት። እትዬ ሶስና የጎረቤታችን የእማማ ዘውዲቱ የመጨረሻ ልጅ ስትሆን፣ በልጅነቷ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ተምራ ሆስተስ ሆናለች። የምትሠራው በትልልቆቹ አውሮፕላኖች፣ ያውም ፊት ላይ ነው። አንድ ክረምት ለእረፍት መጥታ እናቷ ዘንድ ከረመች። ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር ቁጭ ብላ ታወራልናለች። ፊት ያሉት ሰዎች ምግባቸው በአንድ ሳህን ተከማችቶ አይቀርብላቸውም አለችን። መጀመሪያ ሰላጣ ይመጣል፤ እሱ ሲነሳ ሾርባ፤ እሱ ሲነሳ ዋናው ምግብ። ጨውና ቁንዶ በርበሬው እንኳ ለየራሱ በትንንሽ ጠርሙስ ነው። ደግሞ ይመርጣሉ። አንድ ሀብታም ሰውዬ ያን ሁሉ ትቶ ዳቦ በቅቤ ብቻ ይጠይቃታል፤ አንዲት ሴት ደግሞ በረራውን ሙሉ አናናስ ብቻ ስትበላ ትደርሳለች።

«አናናስ?» አልን። አናናስ እኛ ጓሮ ወድቆ ጉንዳን የሚበላው ነገር ነው።

ከወሬው ጨዋታ ወጣ። እትዬ ሶስና አግዳሚዎቹን ደርድራ፣ መሐል ላይ ነጠላ በገመድ ዘርግታ አውሮፕላን ሠራችልን። ከነጠላው ፊት ሁለት ወንበር፣ ከነጠላው ኋላ ሁላችን። ፊት የሚቀመጠውን በዕጣ ትለያለች። ኋላ ያለነው ቆሎ በእጃችን ይዘገንልናል። ፊት የደረሳቸው ግን ለእንግዳ ብቻ ከቡፌ በሚወጣው፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ ባለበት ሳህን ይበላሉ። እንደ ትልቅ ሰው በአንቱታ ትጠይቃቸዋለች፤ እኛ ከኋላ በሳቅ እንፈርሳለን። ምርጫው ሁልጊዜ ሁለት ነው። አንዱ የተቀቀለ ጎደሬ በማር፣ ሌላው እንቁላል ፍርፍር።

ታደለች ወደ ግቢው የምትመጣው እናቷን ተከትላ ነበር። እናቷ ለእማማ ዘውዲቱ ከሰል ታመጣለች። ከከተማው ውጭ ጫካው ዳር ከሚኖሩት፣ ማንጃ ከሚባሉት ሰዎች ናቸው። ከሰላቸውን ሁሉም ይገዛል፤ የቆረጡትን ማርም እንዲሁ። ከእነሱ ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀመጥ ግን አልነበረም። ለምን እንደሆነ እናቴን ስጠይቃት «ድሮም እንዲህ ነው» ትለኛለች። እማማ ዘውዲቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለታደለች እናት ልብስ ይሰጣሉ፤ ስትታመም መድኃኒት ይገዙላታል። ሳትበላም አይሸኟትም። ምግቡን ግን የሚሰጧት በር ላይ፣ በኮባ ቅጠል አድርገው ነው። እሷም ቅጠሉን በሁለት እጇ ተቀብላ አጥሩ ሥር ትበላለች። ታደለች በእኔ ዕድሜ ነበረች። እናቷ ከሰሉን እስክታራግፍ ድረስ ከአጥሩ ጋር ተጣብቃ ጨዋታችንን ታያለች።

አንድ ቀን እማማ ዘውዲቱ ማኅበር ሄደው ሳሉ እትዬ ሶስና ዕጣውን ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች። «ነይ አንቺም አውጪ» አለቻት። ታደለች እናቷን ፈለገች፤ እናቷ ጓሮ ነበረች። እጇን ሰደድ አድርጋ አወጣች። የፊት ወንበር ደረሳት። ሌላው የደረሰው ለእኔ ነበር።

ቢኒያም፣ «እትዬ፣ እሷ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«እኔ ፊት የተቀመጠን ሰው ዘሩን አልጠይቅም» አለች እትዬ ሶስና። «የምጠይቀው ምን እንደሚበላ ነው።»

ታደለች አጠገቤ ተቀመጠች። የጭስ ሽታ ነበራት፤ እጆቿን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ትጠርጋለች። እትዬ ሶስና ጎንበስ ብላ፣ «እመቤቴ፣ ለምሳ ምን ላምጣልዎ? ጎደሬ በማር ወይስ እንቁላል ፍርፍር?» አለቻት።

ታደለች ወደ መሬት እያየች፣ «የተረፈውን» አለች።

ማናችንም አልሳቅንም። እትዬ ሶስና ተንበረከከችና በአንቱታው ሳይሆን በራሷ ድምፅ፣ «እዚህ የተረፈ የለም፣ የኔ እናት። ይመረጣል» አለቻት። ታደለች ለረጅም ጊዜ አሰበች። እንዲህ ያለ ከባድ ጥያቄ በትምህርት ቤትም ተጠይቆ አያውቅም። በመጨረሻ በጣም ቀስ ብላ «እንቁላል» አለች።

በሳህኑ መጣላት። መብላት ስትጀምር ቀስ እያለች ነበር፤ በኋላ ግን እኛንም ረሳችን። የበሩ ድምፅ የተሰማው ያኔ ነው። እማማ ዘውዲቱ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ገቡ፤ አንዷ እናቴ፣ ሌላዋ የቢኒያም እናት ናቸው። የቢኒያም እናት ልጇን በክንዱ ይዛ ወጣች። እናቴ መጥታ እጄን ጎትታ በሩ ጋ አጠገቧ አቆመችኝ። ሌሎቹም እናቶቻቸውን ሳይጠብቁ አንድ በአንድ ሄዱ፤ አውሮፕላኑ ባዶ ሆነ። ታደለች ብቻዋን ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። መብላቷን ትቀጥል ወይ ታቁም አላወቀችም።

እናቷ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። «ይቅር ይበሉኝ እሜቴ፣ ልጅ ናት። አታውቅም» እያለች እማማ ዘውዲቱ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል አነሷት።

«ምን አጠፋች? ልጅ አይደለች?» አሉ እማማ ዘውዲቱ በለሰለሰ ድምፅ። ከዚያ ሳህኑን አዩት። «ሳህኑን ይዛው ትሂድ። ለሷ ሰጥቻታለሁ።»

ታደለች ጆሮዋን አላመነችም። ፊቷ እንዴት እንደበራ ዛሬም ይታየኛል። ሰማያዊ አበባ ያለበትን ሳህን ደረቷ ላይ አቅፋ ከግቢው እየሮጠች ወጣች። እናቷ ግን አልሮጠችም። ለምን እንደተሰጣቸው ገብቷታል። ጎንበስ ብላ አመስግና ባዶ ማዳበሪያዋን አንስታ ተከተለቻት።

እትዬ ሶስና ነጠላው አጠገብ ቆማ ነበር። «እማዬ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» አለች።

«አንቺ በሚመጣው ሳምንት ትሄጃለሽ» አሉ እናቷ። «እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ። ነገ ቤቴ ገብቶ ውኃ የሚጠጣ ጎረቤት ባጣ ከሰማይ ወርደሽ ትጠጪልኛለሽ?» ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ሚኒስትሩንም ሀብታሙንም የምታስተናግደው እትዬ ሶስና ነጠላውን ከገመዱ አውርዳ ደጋግማ ስታጥፈው ትዝ ይለኛል። እናቴ ቤት ወስዳ አፌን በሳሙና አጠበችኝ። «እኔ እኮ የበላሁት ጎደሬዬን ነው፤ ከሷ ሳህን አልነካሁም» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ፤ ግን ማጠቧን አላቆመችም። በልጅነቴ ከደረሰብኝ ሁሉ እንደዚያች ሰዓት አቅም ያጣሁበትን አላስታውስም። የሆነው ነገር ልክ እንዳልነበረ ተሰምቶኛል፤ ለማን እንደሚነገር ግን አላወቅሁም። ትልልቆቹ ሁሉ እዚያው ነበሩ። ታደለች ከዚያ በኋላ ወደ ግቢው አልመጣችም፤ ከሰሉን እናቷ ብቻዋን ታመጣ ጀመር።

አውሮፕላኑ ላይ ምን አዝዤ እንደበላሁ አላስታውስም። ከዚያ ጉዞ በተመለስኩ ሰሞን እማማ ዘውዲቱ ማረፋቸውን ሰምቼ ለለቅሶ ወደ ቴፒ ወረድኩ። ከተማው ተለውጧል፤ ባጃጁ መንገዱን ሞልቶታል። ሰውም ተለውጧል ይላሉ። ልጆቹ ባንድ ወንበር ይማራሉ፤ በየቸርቹ አብረው ይዘምራሉ፤ ያ የድሮ ነገር ቀርቷል፣ ቢኖርም በሽማግሌዎች ዘንድ ነው አሉኝ። እውነትም ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስሟን ስትነግረኝ ነው ያወቅኋት። ታደለች አራት ልጆች ወልዳለች፤ ትልቁ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። እጄን ይዛ ስለ እማማ ዘውዲቱ ከልቧ አለቀሰች። «እናቴን በመጨረሻ ሕመሟ ያሳከሟት እሳቸው ናቸው» አለችኝ።

ምሳ መዞር ሲጀምር ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«ወዴት ነው? ምግብ እኮ ደርሷል» አልኳት።

«በልቼ ነው የመጣሁት።»

«ከኔ ጋር ትንሽ ቅመሺ። እባክሽ።»

ፈገግ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አይ እህቴ፣ እኔ የመጣሁት ለለቅሶ ነው። ሰው ምግቡን በሰላም ይብላ» አለችኝና የድንኳኑን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ ወጣች።

ያስወጣት ሰው አልነበረም። ያስቀራትም አልነበረም። ከወዲያ ያሉት ሴቶች ቦታዋን ለመሙላት ጠጋ ጠጋ አሉ፤ አንዷ ለኔም እንጀራ አቀረበችልኝ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ እጄን ስትጎትተኝ ከመሄድ በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ዛሬ እጄን የያዘ የለም። አገር ለአገር እዞራለሁ፤ በሰው ፊት ቆሜም አወራለሁ። አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ እንድትበላ የሚያደርግ ቃል ግን ከየት እንደሚመጣ ዛሬም አላውቅም።