አንዱ ቦታ ይነሳ

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የዙሪያውን ገበሬ መሬት ይወስዳል ተብሎ ተቃውሞ በተነሳበት ሰሞን ከቡራዩ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ፣ ሥራዬን ይዤ ቤት ዋልኩ። ሥራዬ የኮምፒውተር መመሪያዎችን አሰናድቶ ስክሪን ላይ የሚያወጣ ፕሮግራም ማስተካከል ነበር። ጽሑፉ ውስጥ ማክሮ የሚባሉ አጫጭር ትእዛዞች አሉ፤ አንዱ «ርእስ ነው» ይላል፣ ሌላው «አዲስ አንቀጽ ነው»። ሁለቱ ሲከታተሉ እያንዳንዳቸው ባዶ መስመር ይጨምሩና ገጹ አለቅጥ ይራራቃል።

ኢንተርኔት ስለጠፋ ከባልደረባዬ ጋር በስልክ ነበር የምንሠራው። ኔትወርክ ያለው ግቢው መሃል ብቻ ነው። እዚያ ቆሜ ጮኽኩ፦

«ከዳር ያለው ቦታ በዝቷል፣ ይቆረጥ! እነዚህ ሁለቱ ቦታ እየበሉ ነው፤ አንዱ ይነሳ!»

ዘወር ስል አከራያችን ቆመዋል። ገፈርሳ አካባቢ የቀረቻቸውን ማሳ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው።

በማግስቱ «አካም ቡልተን፣ አባባ» ብዬ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ ስላቸው ሳይመልሱልኝ አለፉ። ከሰዓት በስልክ በኦሮምኛ ሲያወሩ «ላፋ» የምትለውን ቃል ለየሁ፤ መሬት ማለት ናት። እያወሩ ወደ እኔ በር አዩ። ለማን ነው የሚነግሩት? የልጄን ልብስ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ በሩ ሥር አስቀመጥኩ። ውጡ ቢሉን በዚያ ሰሞን ማን ያስገባናል? እመቤቴን እየለመንኩ ጠበቅኩ።

ኋላ መጥተው አንኳኩ።

«ማንን ነው የምታስነሺው?»

«እኔ?»

«ሰምቻለሁ። ቦታ ይቆረጥ፣ አንዱ ይነሳ። ማስተር ፕላኑን እኔ ቤት ቁጭ ብለሽ ነው እንዴ የምትሠሪው?»

ላፕቶፑን ከፈትኩላቸው። «ቦታ ያልኩት ይኼን ነው፣ አባባ። በገጹ ዳር፣ በርእሱና በጽሑፉም መካከል ያለውን።»

መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ።

«ምንም የለበትም እኮ።»

«አዎ፣ ምንም የለበትም።»

«የኛንም ሊወስዱ ሲመጡ እንደዚያ ነው የሚሉት።»

አንዱን ባዶ መስመር አጥፍቼ አሳየኋቸው፤ ጽሑፉ ወደ ላይ ተጠጋ።

«ለተነሳው ካሳ ከፈልሽ?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ልቀቂ አልልሽም፤ ልጅ ይዘሻል» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሁለተኛ ግቢ ቆመሽ ‹ቦታ› አትበይ። ከአጥር ወዲያም ጆሮ አለ።»

ከዚያ ወዲህ «ክፍተት» እላለሁ። ቤቱን ሳንለቅ ያ ሰሞን አለፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሳቸውንም ዕድሜ ይስጥልኝ። ስደውል ግን መስኮታቸው ገርበብ ይል ነበር። እኔም ቦርሳውን ከበሩ ሥር ያነሳሁት ቆይቼ ነው።