ትንሹ ቀዶ ጥገና

ልጆች መንገድ ዳር ቁጢጥ ብለው ሲጫወቱ ባየሁ ቁጥር የራሴ ትንፋሽ ያጥረኛል። የልጅ ልጄ አምስት ዓመቷ ነበር። ሐቦባ ትለኝ ነበር፣ አያቴ ማለቷ ነው። ጥቂት ስትሮጥ ከንፈሯ ሰማያዊ ይሆንና ቁጢጥ ትላለች፤ ያን ጊዜ ትንፋሿ ይመለሳል። ማንም አላስተማራትም። ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ቀዳዳ ነበረበት፤ ደም ወደ ሳንባ የሚሄድበትም መንገድ ጠባብ ነበር።

ሐኪሙ ስፒሪት በሚሸት ክፍል ውስጥ ወረቀት ላይ ሁለት ልብ ሣለልን። ትንሹ ቀዶ ጥገና ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ወደ ሳንባዋ ደም ይጨምራል፤ በሁለት ሳምንት እዚሁ ይሠራል፤ ስታድግ ግን እንደገና ትከፈታለች። ትልቁ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ጠባቡን አስፍቶ በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። እሱን የሚሠሩት ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ስለሆኑ ወረፋ ነበረው። ከፊቷ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ።

"እማዬ፣ ትንሹ ይሠራላት። ብቻ ትተንፍስልኝ" አለች ልጄ።

እኔ እዚህ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ሁለቴ የተተረተረ ጨርቅ ክር አይዝም። "ልጅቱ ሁለቴ አትቀደድም፤ ትልቁን እንጠብቃለን" አልኩ። ሐኪሙ ሥጋ እንደ ጨርቅ አይደለም ቢለኝ አልሰማሁትም።

ልጄ አርካዊት ሰፈር የምትሠራበት ቤት ሱዳናዊት እመቤት ደግሞ መጣችብኝ።

"ያ ሐቦባ፣ ወንድሜ እዚያ ሆስፒታል ነው። ስሟን አንደኛ ያደርግልሻል።"

"ወደ ታች የሚወርደው ልጅ እናት የለውም?"

"ወላሂ፣ ጭንቅላትሽ ደረቅ ነው!" ብላ ሳቀች። ልጄ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ አቧራ ወደሞላው ቢጫ ብርሃን አዞረች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሐኪሞቹ ቀሩ፤ ሆስፒታሉ ተዘጋ። ቦታውን አልቀማም ያልኩት ልጅም አልተሠራለትም። እስከ ዛሬ ባሰላው ባሰላው ልክ አልመጣልኝም።

እኛ ጀብራ ሰፈር፣ ቤታችን ውስጥ ቀረን። መብራት የለም፤ ሙቀቱ ከግድግዳው ይወጣ ነበር። ትራስ ደራርቤ ደገፍኳት። እናቷ በካርቶን ታራግብላታለች። ተኩሱ ጋብ ሲል የትንፋሿ ፉጨት ብቻ ይሰማ ነበር።

"ሐቦባ፣ ከፊቴ ስንት ልጅ ቀረ?" አለችኝ።

በዕድሜዬ በወረፋ ዋሽቼ አላውቅም።

"አንድ ብቻ" አልኳት።

ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከረች።

"ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ እሱ ይግባ" አለች። "እኔ እጠብቃለሁ።"