የሚስስ ኤተል አያት ወጥ ቤት

ሰኞ ጠዋት፣ እ.ኤ.አ. 1972፣ ፌርፋክስ

ጉዞው የእኔ ሳይሆን የጎረቤቴ የሚስስ ኤተል ነው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ግን አያታቸው በባርነት ዘመን ታበስልበት የነበረውን ወጥ ቤት ሚሲሲፒ ሄጄ ሳላይ አልሞትም ብለዋል። ልጆቻቸው «እዚያ ምን አለን?» ብለው እምቢ ሲሏቸው፣ ኮሌጅ ተዘግቶ ስለነበር እኔ አብሬያቸው ልሄድ ተነሳሁ።

አውቶቡስ ጣቢያ ያደረሰን፣ ከእኔ ቀድሞ ከአገር ቤት ለትምህርት የመጣው ጋሼ ታደሰ ነው።

«ሶ፣ ሁለት ቀን በባስ፣ የባሪያ ቤት ለማየት?» አለኝ ፓርክ እያደረገ። «ቫኬሽን እንዲህ ነው እንዴ?»

«እሳቸው ቆርጠዋል፤ እኔም ቆርጫለሁ» አልኩት።

በመንገድ ላይ

ሚስስ ኤተል ዶሮ ጠብሰው በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል። ድሮ በዚህ መንገድ ለጥቁር ሰው ምግብ የሚሸጥ ስላልነበረ፣ ስንቅ ሳይዙ መንገድ መውጣት እስከ ዛሬ አይሆንላቸውም። ከምዕራብ ጠረፍ ተነስተን ስንጓዝ ቴክሳስ አላልቅ ብላ አናደደችኝ። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ሲለኝ እኔ አጉረመርማለሁ፤ እሳቸው ግን አንዴም «ደከመኝ» አላሉም።

ረቡዕ፣ ሚሲሲፒ

ነጩ ቤት በጥጥ እርሻ መሃል ቆሟል። መግቢያው ሁለት ዶላር ነው። አስጎብኚዋ የድሮ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ነጭ ሴት ናት። የድሮዋን የቤቱን እመቤት ፒያኖ አሳየችን፤ ቀጥሎም የብር ደወል አነሳች።

«ሠራተኞቹን በዚህ ትጠራቸው ነበር። እንደ ቤተሰብ ነበሩ» አለች። ባሪያ የሚለው ቃል አንዴም ከአፏ አልወጣም።

«ወጥ ቤቱ የት ነው?» አሉ ሚስስ ኤተል።

«ከጓሮ ነው፤ ለጎብኚ ዝግ ነው።»

«አያቴ እዚያ ነበር የምትሠራው። እስኪከፈት እጠብቃለሁ» አሉና፣ አትንኩ የተባለውን የእመቤቲቱን ወንበር ስበው ቁጭ አሉበት።

አስጎብኚዋ ለመነች፤ ፖሊስ እጠራለሁ ብላም አስፈራራች። ሌሎቹ ጎብኚዎች ሹልክ ብለው ወጡ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ከጎናቸው አልተነቃነቅኩም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁልፉ መጣ።

ወጥ ቤቱ ከቤቱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ይርቃል፤ ዝቅ ያለ፣ ጨለማ የጡብ ቤት ነው። ሚስስ ኤተል ከቤተሰባቸው እንደሰሙት፣ አያትየው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ እዚህ እሳት ታነድድ ነበር። በቀን ሦስቴ ታበስላለች። ሳህኑን ተሸክማ ወደ ትልቁ ቤት ስትሄድ፣ እንዳትቀምስ እስክትደርስ ማፏጨት ነበረባት። የራሷን ልጅ የምታጠባው ደወሉ ዝም ሲል ነው። ማታ እዚያው ወለሉ ላይ ትተኛለች።

«ዳይና፣ መጥቻለሁ» አሉ ሚስስ ኤተል ምድጃውን በእጃቸው እየነኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዳይና ያለቻት እመቤቷ ናት። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።»

ላጽናናቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። «እኛ አገር እንኳ እንዲህ አይደለም። እኔን ያሳደገችኝ ሠራተኛችን ዘነበች እንደ ቤተሰብ ናት። የራሷ ስም ለአፋችን አልመች ስላለ፣ በዝናብ ቀን ስለመጣች አያቴ ናት ዘነበች ያለቻት።»

«የራሷ ስም ማን ነበር?»

አላውቅም። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ አላውቅም።

«የት ነው የምትተኛው?»

«ወጥ ቤት» አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሚስስ ኤተል አልተቆጡኝም፤ እጄን ይዘውኝ ወጣን።

ቅዳሜ፣ ቤት

ሚስስ ኤተል ያሰቡትን አድርሰው ተመለሱ፤ የአያታቸውን ስም የሚነግራቸው ግን በምድር ላይ አልቀረም። ዘነበች ግን በሕይወት አለች። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ እኔ የምጠይቃት ሰው አለችኝ።

ሻንጣዬን ሳልፈታ ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ለእናቴ እየጻፍኩ ግርጌው ላይ «ዘነበችን ሰላም በሉልኝ» እል ነበር። ይኼኛው ለራሷ ነው፤ ማንበብ ስለማትችል ታናሽ እህቴ ታነብላታለች። ፖስታው ላይ ከዘነበች ሌላ የምጽፈው ስም አልነበረኝም። ውስጡ ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦

«እናትሽ ማን ብላ ነበር የምትጠራሽ?»